የእኔ ፍላሽ

ዓርብ፣ መጋቢት 11 ቀን 2001 ዓ.ም.

ኮምፒውተሩ ዛሬ በደንብ ተከፈተ። እኔ ግን ብዙነሽን ቀና ብዬ ማየት አቅቶኛል።

ብዙነሽ የባለቤቴ ታናሽ እህት ናት፤ ኮሌጅ ልትማር ከካምባ መጥታ እኛ ጋ ትኖራለች። ባለፈው ሳምንት ኮምፒውተሩ ገና ሲነሳ ሰማያዊ ገጽ እያሳየ ደጋግሞ ሲጠፋብኝ፣ «ያንቺ ፍላሽ ነው ቫይረስ ያመጣው፤ ሁለተኛ እንዳትነኪው» ብዬ ጮህኩባት። ከፍላሿ መዝሙር ስትገለብጥ አይቻት ነበር። ከዚያ ወዲህ የትምህርት ቤት ሥራዋን የምትጽፈው ታች ሲቀላ ሰፈር ወርዳ ኢንተርኔት ቤት ነው።

ዛሬ ከሰዓት የሥራ ባልደረባዬ ታደሰ መጣ። ኮምፒውተሩን ሴፍ ሞድ በሚሉት የችግር ጊዜ አከፋፈት ከፍቶ ቫይረሱን ካጸዳ በኋላ የሁላችንንም ፍላሽ ጠየቀ። የብዙነሽ ንጹሕ ሆነ። የእኔን ሲሰካው አንቲቫይረሱ ጮኸ።

«ያው ራሱ ነው» አለ ታደሰ። «ከቢሮ ይዘኸው መጥተህ ነው።»

ብዙነሽ በሩ ጋ ቆማ ሰምታለች። ይቅርታ ልላት አስቤ ከአፌ የወጣው ግን «በይ፣ አሁን መጠቀም ትችያለሽ» የሚል ሆነ። ፈቃድ ሰጪ መሰልኩ።

«ግድ የለም ጋሼ፣ ሲቀላ ለምጄዋለሁ» አለችኝ። ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ አልነበረም። ቁጣ ቢኖርበት ይቀለኝ ነበር። ፍላሿን አንስታ ወጣች።

ታደሰን ሸኝቼ ስመለስ ባለቤቴ ጠበቀችኝ።

«ይቅርታ አልካት?»

«ነገ እላታለሁ።»

«ስትጮህባት ግን ነገ አላልክም» አለችኝና ወደ ጓዳ ገባች።