ከግድግዳው ጋዜጣ የቆረጥኩት ግማሽ

ሰኞ፣ ኅዳር 8 ቀን 1973፣ ከቀትር በኋላ

መቀሱ ደንዟል። ሙጫም የለም፤ በዱቄት አፈላሁ። ደብተሬ፣ ቀኑን ሙሉ ት/ቤት ስጮህ ውዬ የቀበሌውን የግድግዳ ጋዜጣ ማዘጋጀትም የኔ ዕዳ ሆኗል። አስተማሪ ነሽ፣ ትችያለሽ አሉኝ። እምቢ አይባል ነገር።

ሰሌዳው ጠባብ፣ ወረቀት ብርቅ። ስለዚህ ደንብ አወጣሁ። ማንም ከግማሽ ገጽ በላይ አይለጥፍም። መልስ የሚሰጥ ሰው የሚመልስለትን ቃል ጠቅሶ ይጀምራል። መልሱ ሲለጠፍ የፊተኛው ጽሑፍ ይነሣል። የቀበሌው ፕሮፓጋንዳ ኃላፊ ጓድ ታምሩ ደንቡን ወደደው፤ በስብሰባ ፊት አመሰገነኝ። ደስ አለኝ፣ ምን እዋሻለሁ።

ዛሬ ጎረቤቴ ጋሽ ሁሴን ጽሑፍ አመጡ። ዕድሜያቸውን አሰብ መንገድ ላይ ከባድ መኪና ሲነዱ ፈጅተው አሁን ጡረታ ናቸው። ማንበብና መጻፍ ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ፣ ዓምና፣ በመሠረተ ትምህርት። ሙሉ ገጽ ሞልተው መጡ! ጉዳዩ የእንጦጦ እንጨት ተሸካሚዎች። ሴቶቹ ከራጉኤል በታች ካለው ጫካ ቅጠልና ጭራሮ ተሸክመው ሲወርዱ የደን ጥበቃው ሸክማቸውን ይቀማል፤ ሲብስበት ገመዳቸውንም። እንዲህ ብለዋል፦ «ድሮ ባላባት ይቀማቸው ነበር። ዛሬስ የሚቀማቸው ማነው?» በታችኛው ግማሽ መልሱን ራሳቸው ሰጥተዋል። የሚቀማቸው አንድ ባለጌ ጥበቃ ነው፤ መንግሥት አላወቀም እንጂ ቢያውቅ አይፈቅድም፤ ቀበሌው ያሳውቅልን።

ደንብ ደንብ ነው። ከጥያቄው ሥር ቆረጥኩት። እንዲያውም አማረበት፤ በጥያቄ ሲያልቅ ሰው ይወያያል ብዬ። ጋሽ ሁ. ግን ቅር አላቸው።

«ልጄ፣ ተሳቢውን ፈትተሽ አስቀረሽብኝ እኮ። ጭነቱ ያለው እሱ ላይ ነው።»

ሳቅኩ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10

ተነበበ! ለስኳር ከተሰለፈው ግማሹ ያነባል፣ ግማሹ ያስነብባል። አንዲት እንጨት ተሸካሚ ሸክሟን ግድግዳው ላይ አስደግፋ አንብቢልኝ አለች። አነበብኩላት። «እውነት ነው» ብላ እንደጎበጠች ሄደች። ቀኑን ሙሉ ደረቴን ነፍቼ ዋልኩ።

ዓርብ፣ ኅዳር 12

ኅዳር ሲታጠን። ከተማው በሙሉ ጭስ፣ በየደጁ ቆሻሻ ይነዳል። የእንጦጦ ጋራ አይታይም። እኔም የጋዜጣውን ክፍል ጠርጌ ቁርጥራጩን ሁሉ እሳት ውስጥ ከተትኩ። ዓይኔ እስካሁን ያነባል።

ጓድ ታ. ለጋሽ ሁ. መልስ ጽፎ አመጣ። አሁኑኑ ይለጠፍ አለ። በደንቡ መሠረት የጋሽ ሁ.ን አነሣሁ፤ እሱም ወደ እሳቱ። የጓድ ታ.ን ሙጫ ቀብቼ ከለጠፍኩ በኋላ ነው ረጋ ብዬ ያነበብኩት። መጀመሪያ ጥቅሱ። ከሥሩ፦ ይህ ሰው አብዮቱን ከባላባት እኩል አድርጓል፤ ማን እንዳሰማራው ይጠየቅ።



እሑድ፣ ኅዳር 14

ስብሰባ። ጓድ ታ. ጥቅሱን ጮክ ብሎ አነበበ። ጋሽ ሁ. ተነሥተው መልሱ ከታች ነበረ፣ አዘጋጇ ታውቃለች አሉ። ሰው ሁሉ ወደኔ ዞረ። ጓድ ታ. ጠየቀኝ፤ ሰሌዳው ላይ ሌላ ነገር ተለጥፎ ነበር ወይ?

አልነበረም አልኩ።

እውነት ነው እኮ። ሰሌዳው ላይ አልነበረም። አፌን በቆረጠው! ቆርጬዋለሁ የምትል አንዲት ቃል ማውጣት እንዴት ተሳነኝ? አብዮት ጠባቂዎች ጋሽ ሁ.ን ግራና ቀኝ ይዘው አወጧቸው፣ በሸሚዝ። ኮታቸው ወንበሩ ላይ ቀረ። ሲያልፉ አላዩኝም። ቢያዩኝ ይሻለኝ ነበር።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 16

እትዬ ዘይነባ፣ ባለቤታቸው፣ መጡ። ጋሽ ሁ. የታሰሩት ከቀበሌው በላይ ባለው በከፍተኛው ጽ/ቤት ነው። ስንቅ ወስደው ሳህኑ ባዶውን ተመልሷል፤ ስለዚህ በሕይወት አሉ። ሹራቡን ግን አልተቀበሏቸውም። ለብሶት ከገባው ሌላ አይገባም ተባሉ። ሲሚንቶ ላይ ነው የሚተኙት።

«ያቺን የቆረጥሻትን ስጪኝ። ወስጄ ላሳያቸው።»

ተቃጥላለች አልኳቸው።

«ለኅዳር?»

አዎ አልኩ። ነጠላቸውን ሰብስበው ወጡ። ቢረግሙኝ ምን ነበረበት? ጉንጬን ቢያጮሉኝ?

ረቡዕ፣ ኅዳር 17

ዛሬ በጋሽ ሁ. ተናድጄ ዋልኩ። ምን አስጻፋቸው? ጡረታቸውን እየበሉ አይቀመጡም? ድንቄም ጸሐፊ! ማታ እጃቸውን ይዤ «ሀ»ን ያስጻፍኳቸው ትዝ አለኝ። አለቀስኩ። ራት አልበላሁም።

ዓርብ፣ ኅዳር 19

ጓድ ታ. ቢሮ ሄድኩ። እንደቆምኩ ነገርኩት፤ ከታች እንዲህ የሚል ነበረ፣ የቆረጥኩት እኔ ነኝ። አልተቆጣም። ወንበር ሰጠኝ። ታዲያ እሑድ ለምን ዝም አልሽ ብለው የሚጠይቁት አንቺን ነው አለ። ወረቀቱ የት አለ? የለም። መልስ ካለሽ ጻፊ፣ ደንቡ ያንቺው አይደል፣ ብሎ ሳቀ። እንደማልጽፍ እርግጠኛ ነው።

ስወጣ የጽ/ቤቱ ዘበኛ በሹክሹክታ ነገረኝ። ጋሽ ሁ.ን ሰኞ ከከፍተኛው ያዛውሯቸዋል። ወዴት እንደሆነ እሱም አያውቅም። ከዚያ የተዛወረ ሰው ስንቅ ሲደርሰው አልሰማንም፤ ሲመለስም አላየንም።

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» እያልኩ ልጆቹን አስጠናለሁ። ሥሩን ግን በመቀስ ቆርጬ በገዛ እጄ አቃጠልኩት።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 20፣ ከምሳ በኋላ

የታችኛው ግማሽ ቃል በቃል ትዝ አለኝ። የመጨረሻዋ «አደራ» ሳትቀር። ከተማሪ ደብተር ወረቀት ገንጥዬ ጻፍኩት። በደንቡ መሠረት መጀመሪያ የጓድ ታ.ን ቃል ጠቀስኩ። ከዚያ የጋሽ ሁ.ን፣ የላዩንም የታቹንም። ከሥሩ፦ የታችኛውን ግማሽ የቆረጥኩትም ያቃጠልኩትም እኔ ነኝ፤ እሑድ ዝም ያልኩትም ፈርቼ ነው። ስሜ፣ ከነአባቴ። ከግማሽ ገጽ በለጠ። ይብለጥ።

መልስ ሲለጠፍ የፊተኛው ይነሣል። ስለዚህ ነገ ማለዳ የጓድ ታምሩን ጽሑፍ አነሣለሁ። ነገ የጽዮን በዓል ነው፤ ወደ እንጦጦ ማርያም የሚወጣው ሁሉ በሰሌዳው ፊት ያልፋል፣ ስብሰባው ሳይጀመር። ያነበበ ላላነበበ ይነግራል። ጋሽ ሁ.ን ያስፈታ አያስፈታ እንጃ።

አንቺን፣ ደብተሬ፣ አሁኑኑ ጉርድ ሾላ እህቴ ጋ አደርስሻለሁ። ምን ልትሠሪ ነው ብላ ከጠየቀችኝ እዋሻታለሁ።

ሙጫው ተፈልቷል። ነገ ሁለቱንም ሹራቤን ደርቤ ነው የምወጣው።