ከሰማያዊው ቀለም ሥር

ውድ አባዬ፣

ከተለየኸን ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆነ። የጅጅጋ ነፋስ ያው ነው፤ ዛሬም ቆርቆሯችንን ሲያንኳኳ ይውላል። እማዬ ደህና ናት። ወንበርህን ከቴሌቪዥኑ ፊት አንስታ መስኮቱ ጋ አደረገችው፤ ለምን ብዬ አልጠየቅኳትም። እስከ በራችን ድረስ ኮብልስቶን ተነጥፏል። ባጃጁ በዝቶ መንገድ መሻገር ራሱ ሙያ ሆኗል።

ዛሬ የምጽፍልህ ግን ስለ ብስክሌትህ ነው። እንዳትቆጣ፣ ፈታታኋት።

እማዬ ዕቃ ቤቱን ስታጸዳ ለቆራሌው ልትሰጣት ነበር። አንጀቴ እንቢ አለኝ። የተማሪ ደብተር ከኋላ አስረህ ስንት ዓመት የተመላለስክባትን! ቀለሟን አድሼ ራሴ እነዳታለሁ አልኩ። እማዬ ሳቀችብኝ፤ እውነቷን ነው። አሥራ አንድ ዓመቴ ላይ ከመስጊዱ ቁልቁለት ወድቄ ጉልበቴ ሲላጥ፣ ቁስሌን እያጠብክ እኔ በዕድሜዬ ከብስክሌት ወድቄ አላውቅም አልከኝ። ይህን ነገር እግዜር ለእኔ አልፈጠረውም ብዬ ዳግመኛ አልወጣሁባትም። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ፣ አባዬ!

በብርጭቆ ወረቀት መፋቅ ጀመርኩ። ከአንዱ ቀለም ሥር ሌላው ብቅ ሲል እንዴት እንደሚያጓጓ አልነግርህም። ሰማያዊውን አውቀዋለሁ፤ ከበራችን የተረፈ ቀለም ነው። ከሥሩ ቀይ ወጣ። ከቀዩ ሥር የፋብሪካዋ ጥቁር። ከመሪው ዝቅ ብሎ አንገቷ ላይ ስደርስ ግን ጥቁሩ የለም። ባዶ ብረት፣ ዙሪያውንም እንደ ጠባሳ ያበጠ ብየዳ። ይቺ ብስክሌት አንገቷ ተቆርጦ ያውቃል! መቼ? በምን? ምሳዬን ረስቼ ሳገላብጣት ዋልኩ።

ከገበያው ጀርባ ወዳሉት በያጅ፣ ወደ አዴር ጃማ ወሰድኳት። እኔም እንደ ሶማሌ ጓደኞቼ አዴር፣ አጎቴ፣ ነው የምላቸው። የሄድኩት እንኳ ለሌላ ጉዳይ ነበር። የኋላ ጎማዋ ጥርስ ተበላሽቶ ፔዳሉ በባዶ ይሽከረከራል፤ ልኩ ከድንበሩ ገበያ ከቶጎጫሌም ታጣ። አዴር ጥርሱን ከጎማው ጋር ልበይደው፣ ጎማው ከዞረ ፔዳሉም ይዞራል፣ እግር ማሳረፍ ግን የለም አሉኝ። በስልኬ አይቻለሁ፤ ሌላ አገር ወደው እንዲህ የሚያሠሩ አሉ። የፊት ፍሬኗ እንዳለ ይሁን እንጂ እሺ አልኩ።

ከዚያ አንገቷን በአውራ ጣታቸው ዳሰስ አደረጉና ሳቃቸው መጣ። ወላሂ ይሄ የእኔ እጅ ነው፣ መምህሩ ለማንም እንዳልናገር አስምሎኝ ነበር አሉ።

ለካ የተሰበረችው ካራማራ ተራራ ላይ ነው! እግርህን መሪው ላይ ሰቅለህ ቁልቁል ስትመጣ ፍየል ገባችብህ። ፍየሏ ምንም አልሆነችም። አንተ ቁልቋል ውስጥ፣ ብስክሌቷ ለሁለት። እማዬ ያን ጊዜ እኔን አርግዛ፣ ካራማራን በብስክሌት እንዳትወርድ አስምላህ ነበር። እናም አዴር በዚያው ቀን በይደው፣ እጃቸው ላይ በነበረው ቀይ ቀብተው ሰጡህ።

ለእማዬ ስነግራት ቱግ አለች፦ ያነከሰው ኳስ ሲጫወት ነው ብሎኝ ይኸው ሠላሳ ዓመት ኳስን ስረግም! ቀዩንስ ለሚወለደው ልጅ ደስ እንዲለው ብዬ ነው አላለኝም? ስትል ስትል ሳቋ አመለጣት፤ ከሳቁ መሃል አለቀሰች። ከሞትክ ወዲህ አንተን አንስታ ስትስቅ ገና ማየቴ ነው።

እኔ ግን ተቀየምኩህ። እኔም ወድቄ አውቃለሁ ብትለኝ ምን ነበረበት? ቂሜ አንድ ቀን ቆየ። በማግስቱ ያንን ሰዓት መልሼ መላልሼ ሳስበው አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ቁስሌን ስታጥብ እማዬ ፎጣ ይዛ በሩ ላይ ቆማ ነበር። አይ አባዬ! ለካ ያን ቃል ለእኔ አልነበረም የተናገርከው።

ጥቁር ቀባኋት፣ እንደ መጀመሪያዋ። ብየዳውን ግን ቀለም አላስነካሁትም፤ ቫርኒሽ ብቻ ቀባሁትና ይታያል። ሐሙስ ጠዋት ከመስጊዱ ቁልቁለት ወረድኩባት። ረስቼ እግሬን ላሳርፍ ስል ፔዳሉ አሽቀንጥሮ ጣለኝ። ያው ጉልበቴ። ሰው ሮጦ መጣ፤ እኔ መሬት ላይ ተቀምጬ እስቃለሁ። ተነስቼ እንደገና ወጣሁባት።

አልረሳህም፣ አባዬ። ስለ ብየዳው ለጠየቀኝ ሁሉ አባቴ ካራማራ ላይ የወደቀባት ናት እላለሁ። ስለ ጉልበቴም ለጠየቀኝ እንዲሁ፣ የአባቴ ልጅ ነኝ እላለሁ።

ልጅህ ቤዛ