ከእናትነሽ ጋር ማውራት የጀመርኩበት ሳምንት

ማክሰኞ

እናትነሽ ልትሄድ ነው። ከክፍል ስመለስ ልብሷን ሻንጣ ውስጥ ስትከት አገኘኋት።

«ወዴት ነው?»

«ቤት።»

«ለስንት ቀን?»

ሻንጣዋን ዘጋችና «ትቼዋለሁ፤ ትምህርቱ ለኔ አልሆነም» አለችኝ።

ከብዷት ነው እንዳልል ውጤቷ ከኔ ይሻላል። ሁለታችንም እዚሁ ፍኖተ ሰላም የእንስሳት ጤና ሁለተኛ ዓመት ነን። አንድ ክፍል ተከራይተን መኖር ከጀመርን አምስተኛ ወራችን ነው። እኔ የጅጋ ልጅ ነኝ። እሷ ከቡሬ ገጠር ናት፤ ቤተሰቦቿ አገው ናቸው። ስለ እሷ የማውቀውን ሁሉ ልጻፍ ብዬ ጀመርኩ፦

– ጠዋት ከኔ ቀድማ ትነሳለች።
– ሽንኩርት የበዛበት ወጥ አትወድም።
– ከእናቷ ጋር በስልክ የምታወራው በአገውኛ ነው።

አለቀ። አምስት ወር ሙሉ ሦስት ነገር! አፈርኩ። እኔ እኮ በክፍላችን ወሬኛዋ ስንዱ የምባል ነኝ።

«እስከ እሁድ ብቻ ቆዪ» አልኳት። ለምን ብትለኝ አፌ እንዳመጣልኝ ተናገርኩ፤ ከክፍል ስንወጣ አብረን በእግር እንሄዳለን፣ እሷ አንድ ጥያቄ ትጠይቀኛለች፣ እኔም አንድ እጠይቃታለሁ፣ መልሱ እውነት ይሁን። ትከሻዋን ነቀነቀች። እሺ ማለቷ ይሁን አይሁን አላወቅኩም።

ረቡዕ

እሺ ማለቷ ነበር! የክፍሉ በር ላይ ጠበቀችኝ።

ወደ ቡሬ በሚወስደው አስፋልት ዳር ዳሩን ሄድን። ቀላል ነገር ትጠይቀኛለች ብዬ ነበር። «ሁልጊዜ የምትስቂው ደስ ብሎሽ ነው?» አለችኝ። ከየት አመጣችው?

ልቀልድ አልኩና ተውኩት። አባቴ ካረፈ ወዲህ ቤት ውስጥ ዝምታ ሲሆን እንደምፈራ ነገርኳት። ለማንም ተናግሬው አላውቅም፤ ለእናቴም። «አይዞሽ» እንኳ አላለችኝም። ብቻ እርምጃዋን ቀስ አደረገች። ቀለል አለኝ።

ተራዬ ደርሶ «ለምንድን ነው የምትሄጂው?» ስላት «ነገ እነግርሻለሁ» አለች።

ሐሙስ

ነገረችኝ።

የዘንድሮው ትምህርት የመጀመሪያ ወር ላይ ክፍል ፊት ወጥታ ስለ ላም ጡት በሽታ ስታስረዳ «ግት» የሚለው ቃል ጠፋባት። በአገውኛ አመለጣት። ክፍሉ ሳቀ። ከዚያ ቀን ወዲህ ክፍል ውስጥ አፏን አልከፈተችም። «ሰዉ ‹እንዴት አደርሽ› ብሎኝ ያልፋል። የራሴን ድምፅ ሳልሰማ የምውልበት ቀን አለ» አለችኝ።

ያን ቀን አስታወስኩት። ከሁሉ አብልጬ የሳቅኩት እኔ ነኝ።

ልንገራት? ዝም ብል ማንም አያውቅብኝም። ግን እውነት ይሁን ያልኩት ራሴ ነኝ። ነገርኳት።

«አውቃለሁ። ሳቅሽን ከሩቅ እለየዋለሁ» አለች።

ይቅርታ ጠየቅኋት። ጥላኝ ፈጠን ፈጠን ብላ ሄደች። ሆድ ካገር ይሰፋል የሚሉት ለካ እውነት ነው። ይህን ሁሉ ይዛ ነው አምስት ወር አጠገቤ የተኛችው።

ዓርብ

ስነቃ የለችም። ሄደች ብዬ ደነገጥኩ። ክፍል ስገባ ቦታዋ ላይ ቁጭ ብላለች።

በእረፍት ሰዓት መጣች። «ይቅር ብዬሻለሁ ማለት ቀላል ነው። ከዚያ ይልቅ ቋንቋዬን ጠይቂኝ» አለችኝ።

ጠየቅኋት። ውሃ፣ ቤት፣ ላም፣ እናት። ግትንም ጠየቅኋት። ምላሴ እየተሳሰረ ስደጋግመው በሳቅ ፈረሰች። ይበለኝ።

ከኋላችን የሚቀመጠው ደሳለኝ፣ ያ ቀልደኛው፣ ሲሰማን ኖሮ «ከክፍል ወጥታችሁ የምትሄዱት የት ነው? እኔስ?» አለ። ይዘነው ሄድን። መንገድ ላይ ያለ ቀልድ እንዲህ አለን፦ «ምሳ ብቻዬን ስበላ ሰው እንዳያዝንልኝ ስልኬን ጆሮዬ ላይ አደርግና ማንም ሳይኖር አወራለሁ።»

ደሳለኝ! ክፍሉን ሁሉ የሚያስቀው ደሳለኝ!

ቅዳሜ

ዛሬ አምስት ሆንን። ደሳለኝ ሁለት ልጆች ይዞ መጣ። መንገዱ ዳር ባለው ባሕር ዛፍ ጥላ ሥር ተቀመጥን። ደንብ አወጣን፦

– ስልክ ቦርሳ ውስጥ።
– የሚናገረው ሰው ሳይጨርስ ማቋረጥ የለም።
– ካልተጠየቁ መምከር የለም።
– የሰማነው እዚያው ይቀራል።

ስለዚህ የሰማሁትን እዚህም አልጽፈውም። አንዷ አለቀሰች፤ ግን ስንነሳ ፊቷ በርቶ ነበር። ደንቡን ያፈረስኩት እኔ ነኝ፤ ልጅቷን ልመክር ስጀምር እናትነሽ በሰው ሁሉ ፊት «ስንዱ፣ ዝም በይ!» አለችኝ። ድምፅ አላት ለካ! ሰው ተቆጥቶኝ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ስለ መሄዷ ግን ምንም አላነሳችም።

እሁድ

ውሳኔዋን ለእናቷ ራሷ ልትነግራቸው ፈለገች። «ከፈለግሽ አብረሽኝ ነይ» አለችኝ። ውሳኔው ምን እንደሆነ አልጠየቅኋትም። መንገዱ ሰላም መሆኑን ሹፌሮቹን ጠይቀን ቡሬ ገባን፤ ከዚያ በእግር አንድ ሰዓት።

እናቷ አገላብጠው ሳሙኝ። «አንቺ ነሽ ስንዱ? ሰሞኑን በስልክ ያላንቺ ወሬ የላትም» አሉኝ። ጾም ስለሆነ ድንች ቅቅል ከአዋዜ ጋር ቀረበልን። ጎረቤቶች መጡና ጨዋታው ወደ አገውኛ ዞረ። ሁሉም ሳቁ። የተማርኳቸው ቃላት አንዱም አልደረሰልኝም። ድንቹን እንደያዝኩ ጆሮዬ ጋለ። በኔ ይሆን?

እናትነሽ ተነስታ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። «የአጎቴ አህያ ሌላ ሰው ቤት ገብታ አድራ ነው» ብላ ተረጎመችልኝ። ከዚያ በኋላ የተባለውን ሁሉ እየተረጎመችልኝ ቆየች። ለእሷ እንዲህ ያደረገላት ሰው አልነበረም።

ከምሳ በኋላ ከእናቷ ጋር ጓሮ ሄዱ። ረጅም ሰዓት ቆዩ። ስትመለስ «ተነሽ፣ መኪና እንዳያመልጠን» አለችኝ።

እንዳያመልጠን! እስከ ቡሬ እንዴት እንደተራመድኩ አላውቅም።

ሚኒባሱ ውስጥ «እስከ ሰኔ ልየው። ከዚያ በኋላ ግን ቃል አልገባም» አለችኝ። «ደግ» አልኳት። ከዚያ ስለ ታናሽ እህቷ ማውራት ጀመረች። ማንኩሳን ስናልፍ እያወራች ነበር። ፍኖተ ሰላም ስንወርድም ገና አልጨረሰችም።