ብርድ ነው ያልኩህ ቅጠል

ውድ ወንድም ጋሼ፣

ስልክ ብደውልልህ "እሺ፣ እሺ፣ በቃ ተይው" ብለህ እንደምትዘጋብኝ ስለማውቅ ነው መጻፌ። ደብዳቤ መሃል ገብተህ ልታቋርጠኝ አትችልም። ስለዚህ እስከ መጨረሻው አንብበኝ።

ያለፈው ሳምንት ሰኞ የዕፅዋት በሽታ መምህራችን አንድ ዜና ግድግዳው ላይ አበራልን። የድንች ዋግ እናንተ አካባቢ ገብቶ ብዙ ማሳ ማጥፋቱን ይናገራል። መጨረሻው ላይ አንድ የግብርና ኃላፊ "አርሶ አደሮች በወቅቱ ባለማሳወቃቸው ጉዳቱ ሰፋ" ብለዋል። መምህራችን "እስቲ ምን ተሰማችሁ?" አለን።

አቤት ወሬ! "ሚኒስትሩ" የምንለው ልጅ አለ፤ ለመናገር ሲነሳ መጀመሪያ ኮሌታውን ያስተካክላል። "ችግሩ በሽታው አይደለም፣ ዝምታው ነው። ገበሬው አይናገርም" አለ። ተጨበጨበለት። ከኋላ አንዷ፣ ለገበሬው ሁሉ ስልኩ ላይ መተግበሪያ ይጫንለት አለች። ሌላው ድንች ከውጭ ማስገባት ይሻላል አለ። ሦስተኛ ዓመት የደረስን አርባ የግብርና ተማሪዎች ነን፤ ግማሻችን የድንች አበባ ምን ዓይነት ቀለም እንዳለው ብንጠየቅ ስልክ ነው የምናወጣው። ደሜ ፈላ። "የእኔ ወንድም ገበሬ ነው፣ ይናገራል!" ልል አፌን ከፈትኩ።

ያኔ የታመመው ቅጠል ፎቶ መጣ። ጠርዙ ውሃ የነካው መስሎ ጠቁሯል፤ ከሥሩ ስስ ነጭ ሻጋታ። አፌን መልሼ ዘጋሁት። ያንን ቅጠል አውቀዋለሁ።

በጠረጴዛ ሥር ስልኬን ከፈትኩ። ከአሥራ ዘጠኝ ቀን በፊት የላክህልኝ ፎቶ እዚያው አለ። ሥሩን እንዳየው ብለህ ቅጠሉን በጣትህ ገልብጠህ ይዘሃል። "እህቴ፣ ይቺን ምን ነካት? የተማርሽው አንቺ ነሽ" ብለሃል። እኔ ለምሳ ተሰልፌ ነበር። ፎቶውን እንኳ ሳላሰፋ "ብርድ ነው ጋሼ፣ ያልፋል። አይዞህ" አልኩህ።

አባታችን ሲሞት ደብተርህን ዘግተህ ማሳውን የያዝከው እኔ እንድማር ነው። በዚህ ሁሉ ዓመት አንድ ጥያቄ ጠየቅከኝ። አንድ!

ከክፍል እንደወጣሁ ደወልኩልህ፤ አታነሳም። ለሚስትህ ስደውል "የላይኛው ማሳ ጠቁሮ አለቀ። እንዳልነግርሽ ከልክሎኛል" አለችኝ። ለምንድን ነው የምትከለክላት? እንቁላል ነኝ እንዴ፣ እንዳልሰበር ነው? ሮጬ መምህሬ ቢሮ ገባሁና "የወንድሜ ማሳ ታሟል" አልኩት። የቀረውን ዋጥኩት።

በማግስቱ በኮሌጁ መኪና ስንመጣ አይተኸናል፤ መምህሩ፣ እኔ፣ "ጥናት ልሥራበት" ብሎ የተጣበቀብን ሚኒስትር፣ ያውም በነጭ ጫማ። የላይኛው ማሳ ከሩቅ ይሸት ነበር። መምህሩ የታችኛውን ማሳ ዞሮ አይቶ፣ "ግንድና ቅጠሉን ዛሬውኑ አጭዳችሁ ከማሳው አውጡት። ድንቹ አፈር ውስጥ ሁለት ሳምንት ቆይቶ ቆዳው ይጠንክር፤ ይሄኛው ይተርፋል" አለህ። ወገባችን እስኪቆረጥ አጨድን።

መሃል ላይ መምህሩ "ምልክቱን መቼ ነው ያየኸው? ለማን ነገርክ?" ብሎ ጠየቀህ። ቀና ብለህ አየኸኝ። "እኔው ነኝ ብርድ መስሎኝ ችላ ያልኩት። ለማንም አልተናገርኩም" አልክ። ይባስ ብለህ ትከሻዬን መታ መታ አድርገህ "ደግነቱ እሷ ደረሰችልኝ" አልክ።

ጋሼ፣ ምን ሆነህ ነው? ማን ዋሽልኝ አለህ? እኔም ብሆን እዚያው "ውሸት ነው" ማለት ሲገባኝ እንደ ግንድ ተገትሬ ቀረሁ። አንተ እኔን ስትሸፍን ሚኒስትሩ ቃል በቃል ይጽፍ ነበር።

ትናንት ጥናቱን አቀረበልን። ማጭድ ይዘህ የቆምክበትን ፎቶ ግድግዳው ላይ አብርቶ፣ ከሥሩ በትልልቅ ፊደል "ለማንም አልተናገርኩም" ብሎ ጽፎበታል። "ይኸው፣ ገበሬው ራሱ አምኗል" አለ። አንዱ ከኋላ ሳቀ። መቀመጥ አቃተኝ።

"ተናግሯል" አልኩ። ድምፄ እኔኑ አስደነገጠኝ።

"ለማን?" አለ ሚኒስትሩ።

"ለእኔ።"

ስልኬን የፕሮጀክተሩ ገመድ ላይ ሰካሁት። ያነሳኸው ቅጠል፣ ጥያቄህ፣ የእኔ መልስ፣ ቀኑ ሳይቀር ግድግዳው ላይ ወጣ። አርባ ሰው "አይዞህ" ያልኩህን አነበበው።

ሚኒስትሩ ምን ቢል ጥሩ ነው? "ይህ የግለሰብ ስህተት ነው፤ መደምደሚያውን አይለውጠውም።" አንዷ ደግሞ "ዋናው የታችኛው መትረፉ ነው" ብላ ልታጽናናኝ ሞከረች። መጮህ አማረኝ።

መምህራችን መብራቱን አበራ። "ከቤት እንዲህ ያለ ጥያቄ መጥቶላችሁ በቅጡ ሳታዩ የመለሳችሁ፣ ወይም ጭራሽ ያልመለሳችሁ፣ እጃችሁን አውጡ" አለ። መጀመሪያ አብራኝ የምትኖረው ልጅ አወጣች፤ የተጠየቀችው ስለ እናቷ ዶሮዎች ነው። ከዚያ የመስኮቱ ጥግ ሦስት፣ ከዚያ ሌሎች። አሥራ አንድ ደረሱ። ሚኒስትሩ አላወጣም። አንገቱን ደፍቶ ስልኩ ላይ የድሮ መልእክቶችን ሲፈልግ ቆየና ድንገት ተነስቶ ወጣ። ከበሩ ውጭ "አባዬ፣ ያቺ ላም እንዴት ሆነች?" ሲል ሁላችንም ሰማነው። መልሱን ግን አልሰማንም። ተመልሶ ሲገባ ወደ ሰሌዳው ሳይሄድ ቦታው ተቀመጠ።

አሁን ወዳንተ። ስመጣ ምንም እንዳልተፈጠረ "ትምህርት እንዴት ነው?" እንዳትለኝ። ተቆጣኝ! የላይኛው ማሳ የአንተ የስንት ወር ድካም ነው፤ በእኔ ስንፍና ነው የሄደው። ሁለተኛ ስለ እኔ ብለህ አትዋሽ፤ አንተ ዋሽተህልኝ ገበሬው ሁሉ ተፈረደበት። ደግሞ ጠይቀኝ። ቅጠል ሆነ ትል፣ አፈርም ቢሆን ላክልኝ። ያላወቅኩትን አላውቀውም እልሃለሁ፤ ቃሌ ነው።

በሚቀጥለው ሳምንት ቅዳሜ ለቁፋሮው እመጣለሁ። ሳልደርስ እንዳትጀምር። ትጀምራለህ፣ አውቅሃለሁ፤ ቢያንስ ሁለት መስመር ተውልኝ።

አንተን ያስመረረች፣ አንተም ያስመረርካት
እህትህ