ቤንዚኑ ውስጥ የተገኘው ውሃ

መስከረም 19 ቀን 1971
ዛሬ ከሐይቅ የጀልባ ሞተር መጣ። በጆንያ ተጠቅልሎ። እኔ የመኪና መካኒክ ነኝ... ግን ኮምቦልቻ ውስጥ ሌላ ማን አለ? ይነሳል፣ ያስላል፣ ጋዝ ሲሰጡት ይጠፋል።
አለቃዬ ጠጋ ብሎ፣ "ዘይኑ፣ ይኼ የሞተር ጉዳይ ብቻ አይደለም" አለኝ። ሰኞ ለት ጀልባው ከአዲስ አበባ የመጡ ባለሥልጣን ጭኖ ውሃው መሐል ቆሟል። ነፋስ ሲገፋቸው ዋሉ። የጀልባው ነጂ ሞላልኝ "አሻጥረኛ" ተብሎ ደሴ ታስሯል።

መስከረም 20
ካንዴላዎቹ ረጥበዋል። አደረቅኋቸው፣ ለወጥኋቸው። ያው ነው። ካርቡራቶሩን ፈታሁ። ንጹሕ። ውሃ ገንዳ ውስጥ አስነሳሁት፤ ሰባት ደቂቃ ያህል ደህና ሄዶ ሳሉ ጀመረው።
የጀልባው ባለቤት የሆነው መሥሪያ ቤት ካድሬ መጣ። "አሸዋ ጨምሮበታል አይደል?"
"አላገኘሁም።"
"ፈልግ።"
ከሌለ ከየት ላምጣ?

መስከረም 22
አገኘሁት! ከሞተሩ ጋር የመጣውን ቤንዚን ብርጭቆ ውስጥ ቀድቼ መስኮት ላይ አስቀመጥኩ። ሻይ ጠጥቼ ስመለስ ከታች ውሃ ተኝቷል። ሁለት ጣት። ደስ አለኝ፣ አልዋሽም።
ቤንዚኑ የሚቀዳው ደሴ ካለው መጋዘናቸው ነው አሉኝ። ሄጄ ከበርሜሉ ቀዳሁ። ያው ውሃ። በርሜሉ ክረምቱን ሜዳ ላይ ከርሟል፤ የክዳኑ ጎማ ተሰነጣጥቋል። የመጋዘኑ ኃላፊ ጋሽ እንየው ናቸው፣ እዚያው ደሴ የምንኖርበት የሆጤ ሰፈር ጎረቤታችን። "መጠለያ ይሠራልኝ ብዬ ሁለቴ ጽፌያለሁ ልጄ" አሉኝ።

መስከረም 23
ሪፖርቱን ጻፍኩ። "ውሃው የመጣው ከመጋዘኑ በርሜል ነው፤ ነጂው ጥፋት የለበትም።" ካድሬው አነበበው።
"የበርሜሉ ኃላፊ ማነው?"
"አቶ እንየው።"
ከአፌ ወጣ። ስለ ደብዳቤዎቹ ልነግረው ጀመርኩ።
"ደብዳቤ አልጠየቅሁህም" አለኝ።

መስከረም 25
ሞላልኝ ተፈታ። ወላሂ፣ ፊቱ አይለይም። እጄን ይዞ አለቀሰ።
ጋሽ እንየውን ጠዋት ከቤታቸው ወሰዷቸው። ፊታቸውን እንኳ ሳይታጠቡ።

መስከረም 28
የጋሽ እንየው ባለቤት፣ እትዬ ፀሐይነሽ መጡ። ሚስቴ ረሂማ "ይግቡ እንጂ" ብትላቸው እምቢ አሉ። በር ላይ እንደ ቆሙ፣ "ምን ነበር የጻፍከው?"
ቃል በቃል ነገርኳቸው።
"ውሸት አለበት?"
"የለበትም፣ እትዬ።"
"ታዲያ ለምን አሰሩት?"
የደብዳቤዎቹን ቅጂ ከሳጥን አውጥተው ይዘው መጥተዋል። ወስጄ ካድሬው ጠረጴዛ ላይ አኖርኩት። ሳያነበው መሳቢያ ውስጥ ከተተው።

ጥቅምት 2
ሞተሩን ወሰዱት። በደንብ ይሠራል አሉ።

ጥቅምት 6
እትዬ ፀሐይነሽ ለጋሽ እንየው የወሰዱትን ስንቅ እስር ቤቱ መለሰባቸው። "እዚህ የለም" ብለው። የት ሄደ? "ከእንግዲህ አታምጪ።" ይኼው ነው። እትዬ ፀሐይነሽ ምግቡን እንደ ያዙ ከእስር ቤቱ እስከ ሆጤ በእግራቸው መጡ። ረሂማ ሄዳ አብራቸው ተቀምጣለች። እኔ አልሄድኩም... ምን ብዬ?

ጥቅምት 14
የውሃ ፓምፕ መጣ፣ ከመንግሥት እርሻ። "የብልሽቱ መንስኤና ተጠያቂው ይገለጽ" ይላል ደብዳቤው። በግማሽ ሰዓት አገኘሁት። ያለ ዘይት ሲሠራ ከርሟል። ዘይት መጨመር የነበረበትን ሰውዬም አውቀዋለሁ፣ አምስት ልጆች አሉት።
"በእርጅና ምክንያት" ብዬ ጻፍኩ። ፈረምኩ።
አለቃዬ አነበበና ቀና ብሎ አየኝ። ፓምፑ እኮ ሁለት ዓመት አይሞላውም። ማኅተሙን መታበት።