ስለ መቶ ሠላሳ ሰባቱ ቧንቧዎቼ

ለተከበሩ የውሃ አገልግሎት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ ይህ ደብዳቤ በሙሉ ጤና፣ በተመቸ ወንበርና አፉ ድረስ በሞላ የውሃ ታንከር ያግኝዎት እያልኩ፣ እርስዎ እንዴት ነዎት፣ ቤተሰብስ እንዴት ነው፣ ማኅተሙስ ደህና ነው ወይ ብዬ በአክብሮት እጠይቃለሁ። እኔ ጉልበቴን አልፎ አልፎ ያዝ ከሚያደርገኝ በቀር ደህና ነኝ። ደህና ያልሆኑት ጎረቤቴ ጋሼ ልብስ ሰፊው ናቸው። የሰፈሩን ሰው አርባ ዓመት ያለበሱ እኚህ ሰው አምና ደም ግፊት ጥሏቸው ግራ ጎናቸው ከዳቸው። ባለቤታቸው እትዬ ግን ጤነኛ ናቸው፤ ትልቋ ልጃቸው መንታ ወልዳ ሊጠይቁ ሄደው ባለፈው ወር ተመልሰዋል። አንደኛው ሕፃን አባቱን ይመስላል፣ ሁለተኛው ገና አልወሰነም ይላሉ። ይህን ሁሉ የምነግርዎ ወሬ ስለሚጥመኝ ብቻ አይደለም (ይጥመኛል፣ አልዋሽም)፤ ጋሼ ካለፉት ሦስት ሳምንታት ወዲህ ከቤት ያልወጡት በጽሕፈት ቤትዎ ትጋት ምክንያት ስለሆነ ምስጋናው ለባለቤቱ ይድረስ ብዬ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የእኔና የጋሼ ጓሮ በአንድ አጥር ይዋሰናል። እኔ ጋ ሁለት መደብ ቲማቲም፣ አንድ መደብ ቆስጣና ሰላጣ አለ፤ እሳቸው ጋ ደግሞ ጽጌረዳና እትዬ የሚሳሱላቸው ቁጥቋጦዎች አሉ። የእህቴ ልጅ ችግኝ ጣቢያ ስለምትሠራ የጠብታ መስኖ የሚሉትን አስተማረችን። አውራ ጣት የሚያክል ጥቁር ጎማ በመደቡ ላይ ይዘረጋል፣ በየስንዝሩ ይበሳል፣ በየቀዳዳው ትንሽ ማንጠባጠቢያ ይሰካል፣ የጎማው ጫፍ ታጥፎ ይታሰራል፤ ከዚያ ውሃው ሳይፈስና ሳይረጭ ጠብ ጠብ እያለ ሥሩ ላይ ብቻ ይወርዳል። ጎማውን በአጥሩ ሥር አሳልፈን ሁለቱንም ጓሮ በአንድ መስመር አጠጣን። ውሃው ከእኔ ቆጣሪ ሲሆን መክፈቻውን ግን ሆን ብለን በጋሼ በኩል አደረግነው።

ለምን ቢሉኝ፣ ጋሼን ቤት ድረስ እየመጣች የምታያቸው የሕክምና ባለሙያ የታመመውን እጅዎን ያሠሩት ብላ የምትጨበጥ የላስቲክ ኳስ ሰጥታቸው ነበር። እሳቸው "በስድሳ ስምንት ዓመቴ ኳስ ልጫወት?" ብለው ለድመቷ ጣሉላት። መክፈቻዋን ግን ወደዷት። ጠዋት ራዲዮኑ ዜና ሲጀምር በግራ እጃቸው ሊከፍቷት ይታገላሉ። በመጀመሪያው ወር ዜናው አልቆ ስፖርት እስኪገባ ይፈጅባቸው ነበር፤ በሦስተኛው ወር አርእስተ ዜናው ተነቦ ሳያልቅ ከፍተው፣ እጃቸውን ጠራርገው፣ ለአየር ሁኔታው ተደላድለው ይቀመጡ ጀመር። እትዬም "ከእኔ ይልቅ ቲማቲሙን ነው የሚጠይቀው" እያሉ ያሟቸው ነበር።

እንግዲህ ቅሬታ ላለማለት ምስጋና እያልኩ በቁጥር ላስቀምጥ።

፩ኛ. ተቆጣጣሪዎን ስለላኩልን አመሰግናለሁ። ጨዋ ልጅ ነው፤ እኔን "እማማ" ብሎ ከመጥራቱ በቀር። ቢበዛ በአሥር ዓመት ብበልጠው ነው፤ ግን ይሁን፣ ፀሐይ መትቶት ይሆናል። በደንባችሁ መሠረት ከቆጣሪ በኋላ ውሃ የሚወጣበት ማናቸውም ቀዳዳ ቧንቧ ይባላል ብሎ፣ ተንበርክኮ ቀዳዳዎቻችንን አንድ በአንድ ይቆጥር ጀመር። ጋሼ ልጁ ሲቸገር አይተው፣ የቆጠረውን ምልክት እንዲያደርግበት የልብስ መቁረጫ ጠመኔያቸውን አበደሩት። ሰማንያ ሁለት ላይ ሲደርስ ስልኩ ጮኸና ቁጥሩ ጠፋበት፤ እንደገና ከአንድ ሊጀምር ሲል ጋሼ ከወንበራቸው ላይ "ሰማንያ ሦስት በል ልጄ፣ እኔ ይዤልሃለሁ" አሉት። የራሱን ክስ ሲያስቆጥር የዋለ ሰው አይቼ አላውቅም። ልጁ አንድ ሰዓት ሙሉ መደቡ ዙሪያ ሲንበረከክ ቆይቶ ሲነሳ የሱሪው ጉልበት ጭቃ አልነካውም፤ የጓሮው መንገድ ደረቅ ነበራ! ይህ ግን በሪፖርቱ ላይ አልሰፈረም። የሰፈረው "ፈቃድ የሌላቸው አንድ መቶ ሠላሳ ሰባት ቧንቧዎች የተገጠሙበት መኖሪያ ቤት" የሚል ነው፤ ጎማችንም በዚሁ ተነቅሎ ተወሰደ። ከተማው ውስጥ ይህን ያህል ቧንቧ ያለው ሆስፒታሉ ብቻ ነው ተብያለሁ፤ ስለዚህ በደረጃ ከፍ ስላደረጉኝ ኩራት ተሰምቶኛል።

፪ኛ. ስለ ፈቃድ መጠየቂያው ቅጽ አመሰግናለሁ። አንዱ ቅጽ አራት ቧንቧ ብቻ ስለሚይዝ ሠላሳ አምስት ቅጽ ተሸክሜ ቤቴ ገባሁ። ትምህርቴ ከስምንተኛ ክፍል አላለፈም፤ ቢሆንም አጻጻፌ አይታማም። "ለምን አገልግሎት" በሚለው ላይ "ለቲማቲም" አልኩ፣ ቀጥሎ "ለሌላው ቲማቲም"፣ ቀጥሎ "ለዚያኛው ቲማቲም"። "የሚገኝበት ክፍል" በሚለው "ውጭ" ብዬ ጻፍኩ። "ከሥሩ ያለው የእጅ መታጠቢያ" ለሚለው ግን "ቲማቲሞቹ እጅ የላቸውም" ከማለት በቀር እውነቱን የምናገርበት መንገድ አጣሁ። በጽሕፈት ቤትዎ መስኮት ቅጽ የምትቀበለው ልጅ አንብባ ከንፈሯን ነከሰችና "እመቤቴ፣ እኔ እኮ ገብቶኛል፤ ኮምፒውተሩ ነው ያልገባው" አለችኝ። ለኮምፒውተሩ ሰላምታዬን ያድርሱልኝ፤ ሲገባው ይጠራኝ።

፫ኛ. ስለ ምክሩ አመሰግናለሁ። በእጅ ተይዞ የሚረጭ ጎማ አፉ አንድ ስለሆነ ሕጋዊ ነው ስለተባልኩ፣ ውሃ ቆጣቢ የተባልኩት ሴት አሁን በሕጋዊ መንገድ አባካኝ ሆኛለሁ። በጠብታ ጊዜ ለሦስት ቀን የሚበቃው ውሃ አሁን ለአንድ ጠዋት አይበቃም። ግማሹን መደቡ ይጠጣዋል፣ ግማሹ በበሩ ሥር ሾልኮ መንገድ ይወጣል። ፖስታ አመላላሹ ትናንት ሱሪውን ጠቅልሎ እየዘለለ "እመቤቴ፣ ጀልባ ግዢልኝ" ብሎኛል። የቲማቲሙ ቅጠል በየቀኑ ሲርስ ነጠብጣብ አወጣ፤ አረሙ ደግሞ ያለ ቅጽና ያለ ፈቃድ መንገዱን ሁሉ ሞልቶታል። እሱን የሚቆጥር ተቆጣጣሪ ካለዎት ቢልኩልኝ ጠመኔ እናበድራለን።

ጋሼ ግን ይህን ጎማ መጎተት አይችሉም። የጓሮው መንገድ ስለሚያንሸራትት እትዬ፣ ይወድቁብኛል ብለው የጀርባውን በር ቆልፈውታል። እሳቸው ጠዋት ዜናውን ቁጭ ብለው ይሰማሉ፤ ግራ እጃቸው ጭናቸው ላይ እንደ ሰው ዕቃ ተቀምጧል። ትናንት ኩባያ ልታስይዛቸው ስትሞክር ጣቶቹ አልታጠፉም ብላ ባለሙያዋ ጽፋለች። ክቡር ሆይ፣ እዚህ ላይ ቀልዴን ለትንሽ ጊዜ አስቀምጣለሁ፤ ቲማቲም ቢደርቅ ገበያ ይወጣለታል፣ ለዚህ እጅ ግን ገበያ የለውም።

፬ኛ. ቢሮዎ ድረስ መጥቼ ስላየሁት ነገር አመሰግናለሁ። "ውሃ ይቆጥቡ" የሚለው ሰሌዳዎ ያምራል፤ ከሥሩ የሚሽከረከረው መርጫ ግን ሣሩን ትቶ የእርስዎን መኪና ሲያጥብ ደረስኩ። ዕቃ ግምጃ ቤት ደግሞ የተወሰደብን ጎማ ተጠቅልሎ፣ ቁጥር ተለጥፎበት፣ ንብረት ጠባቂው ወንበር አድርጎት ተቀምጦበታል። አልቀየምኩትም፤ ወገቡን ያመው ይሆናል። "ይመችሃል?" ስለው "ትንሽ ይወጋል እንጂ ጥሩ ነው" አለኝ። የወጉት ማንጠባጠቢያዎቹ ናቸው፤ አንድ መቶ ሠላሳ ሰባት ናቸውና እየተገላበጠ ይቀመጥባቸው።

ልመናዬ አጭር ነው። ቀዳዳውን ትተው መክፈቻውን ይቁጠሩልን። መክፈቻዋ አንድ ናት፤ አንድ ሰው በአንድ እጁ፣ ያውም በታመመው፣ ይከፍታታል፣ ይዘጋታል። ፈቃድም ከሆነ ለአንዷ እሞላለሁ፤ እጅ መታጠቢያም ከሥሯ አድርጉ ካላችሁ ባልዲ አኖራለሁ። ጎማውን ግን ጠባቂው ሲነሳ ይመልሱልን፤ የጋሼ ጣቶች ደንቡ እስኪሻሻል የሚጠብቁ አይመስለኝም።

ጊዜዎን ስለወሰድኩ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ይህን ደብዳቤ በሰሌዳዎና በዳቦ ቤቱ በር ላይ የምለጥፈው፣ በጋዜጣም የማወጣው እርስዎ ጋ ሳይደርስ እንዳይጠፋ ተጨንቄ መሆኑን እንዲረዱልኝ እለምናለሁ። ወንበርዎ አይወዛወዝ፣ መኪናዎ አይቆሽሽ፣ ታንከርዎ አይጉደል።

ከፍ ባለ አክብሮትና በጭቃ በተለወሰ ጫማ፣
በመዝገብዎ ባለ ብዙ ቧንቧ የተባልኩት ደንበኛዎ

ከፊርማዬ በኋላ የተጨመረ፦ ፖስታውን ላሽግ ስል በሩ ተንኳኳ፤ ጋሼ ናቸው። እትዬ ገበያ ሲሄዱ ቁልፉን ከተደበቀበት አውጥተው፣ ግድግዳ ግድግዳውን ይዘው፣ ከሦስት ሳምንት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ወጥተው ነው። ደብዳቤውን አነበብኩላቸው። ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰምተው ሲያበቁ "አንድ ቀዳዳ ደብቀሻል፣ ኋላ እንዳያስጠይቅሽ" አሉኝ። የቱን ብላቸው፣ "ከታመምኩ ወዲህ የአፌ ግራ ጥግ ያንጠባጥባል፤ ፈቃድ ያስፈልገው እንደሆነ ጠይቂልኝ። ሊቆጥሩ ከመጡ ግን ፊቴን እንዳኮሳተርኩ ቶሎ ይምጡ በያቸው፤ ስስቅ ቀኙም ይጨመርና ሁለት ይሆናል" አሉ። ይህን ሲሉ ሁለት ሆነ።