በሁለተኛው ገጽ ላይ ያለው ፊርማ

ውድ ጋሼ ተስፋማርያም፣

ባለፈው እሑድ ባለቤትዎ እትዬ አሰፋሽ ቤቴ ድረስ መጥተው ነበር። ከጎተራ ሁለት ታክሲ ይዘው፣ በዚያ በሚያማቸው ጉልበት አራት ፎቅ ወጥተው ነው የመጡት። ውሃ እንኳን አልጠጡልኝም። እጄን ይዘው፣ "ልጄ፣ ማክሰኞ ሲጠይቁሽ አላስታውስም በይ። ሌላ ምንም አትበይ። አላስታውስም ማለት ውሸት አይደለም" አሉኝ።

አነጋገሩ የእሳቸው አልመስል አለኝ። ከእርስዎ ጋር ስድስት ዓመት ሠርቼ የእርስዎን አነጋገር እንዴት አጣዋለሁ? ለእሳቸው መልስ መስጠት ስላቃተኝ ታክሲ ድረስ ሸኘኋቸው። መልሱን ለእርስዎ እጽፋለሁ።

ፖሊስ ጣቢያው ስመደብ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። ጠረጴዛ የሰጠኝ አልነበረም። እርስዎ ፋይሎችዎን ገፋ ገፋ አድርገው ከራስዎ ጠረጴዛ ጫፉን ለቀቁልኝ። አባቴ ሲሞት ድንኳን ያስተከሉት እርስዎ ነበሩ፤ ሦስቱንም ቀን በር ላይ ቆመው ለቀስተኛ ሲቀበሉ ያየዎት ሁሉ የአባቴ ወንድም መስለውታል። ከዚያ ወዲያ ነው ከቢሮ ውጪ "ጋሼ" ማለት የጀመርኩት።

የመጀመሪያ ሪፖርቴ ላይ "ሌባው ወደ ሜክሲኮ አደባባይ ሲሮጥ ተያዘ" ብዬ ጽፌ ነበር። ቀይ እስክሪብቶ አንስተው "ሌባው" የሚለውን ሰረዙት።

"ማነው ሌባ ያለው?"

"ኢንስፔክተር፣ ሰው ሁሉ አይቶታል እኮ።"

"ሰው ሁሉ ዳኛ ነው? አሁን ተጠርጣሪ ነው። ዐቃቤ ሕግ ክስ ሲመሠርትበት ተከሳሽ ይባላል። ያኔም ቢሆን ፍርድ ቤት ጥፋተኛ ነህ እስኪለው ድረስ እንደኔና እንዳንቺ ንጹሕ ሰው ነው። አድርጓል ያለ ያስረዳ እንጂ፣ እሱ አላደረግኩም ብሎ ማስረዳት የለበትም። በይ እንደገና ጻፊው።"

አራት ጊዜ አስጻፉኝ። ቃል ስቀበልም አጠገቤ ቁጭ ብለው ያዩኝ ነበር። ተቀመጥ በይው። ዝም የማለት መብት እንዳለው ንገሪው። ያለውን ብቻ ጻፊ፤ ያላለውን ቃል አትጨምሪለት። ጽፈሽ ስትጨርሺ አንብቢለት፤ የሚፈርመው ከዚያ በኋላ ነው። ሕጉን ትምህርት ቤት ተምሬው ነበር፤ ግን የገባኝ በእርስዎ ነው።

የሚልዮንንም ቃል የተቀበልኩት እንደዚያው ነው። ኦሎምፒያ አካባቢ የአንድ ሕንፃ ጥበቃ ነበር። አንድ እሑድ ከሦስተኛ ፎቅ አሥራ አንድ ላፕቶፕ ጠፋ፤ በሩ አልተሰበረም፤ ቁልፉ የሚቀመጠው ደግሞ እሱ ጋ ነው። ተይዞ ሲመጣ የቀኝ አውራ ጣቱን መስታወት ቆርጦት በፋሻ ታስሮ ነበር። የሕንፃው አስተዳዳሪ ስምንት ሰዓት ላይ መጥቶ ቁልፉን እንደወሰደና ከአንድ ሰዓት በኋላ እንደመለሰለት ሚልዮን ነገረኝ። በኮምፒውተር ጻፍኩት፤ ሁለት ገጽ ሆነ፤ አነበብኩለት። መጻፍ ስለማይችል በሁለቱም ገጽ ላይ የግራ ጣቱን አሻራ አሳረፈ። እኔም አጠገቡ "የግራ አውራ ጣት" ብዬ ጽፌ ፈረምኩና መዝገቡን ለእርስዎ አስረከብኩ።

ሰውየው ዋስ የሚሆነው አጥቶ አምስት ወር ታሰረ። ካዛንቺስ የነበሩበት ሰፈር ሲነሳ ሚስቱ ማዕዛ ዕቃውን ያወጣችው ብቻዋን ነው። እኔም ለዐቃቤ ሕግ ምስክርነት ተጠራሁ። በምመሰክርበት ቀን ዋዜማ፣ በምሳ ሰዓት ማኪያቶ ጋበዙኝ።

"አትፍሪ ልጄ" አሉኝ። "ፊርማው ያንቺ ነው ወይ ይሉሻል፣ አዎ ትያለሽ። በቃ።"

እኔ ደግሞ አይዞሽ ያሉኝ መስሎኝ አመሰገንኩዎ።

በማግሥቱ እርስዎ ከእኔ በፊት ገብተው፣ ምለው መስክረው፣ ከኋላ ወንበር ላይ ቁጭ ብለው ነበር። ዐቃቤ ሕጉ ወረቀቶቹን ሰጠኝ። አንደኛውን ገጽ አየሁት፤ የእኔ ነው። ሁለተኛውን ገለጥኩ። "ቁልፉን ለማላውቀው ሰው የሰጠሁት ድርሻህን ታገኛለህ ስላለኝ ነው" ይላል። ሚልዮን ይህን ለእኔ አላለኝም። ከአሻራው አጠገብ "የቀኝ አውራ ጣት" ተብሎ ተጽፏል። ከሥሩ የእኔ ስም፣ የእኔ ፊርማ አለ።

"ይህ ፊርማ የእርስዎ ነው?" አለኝ ዐቃቤ ሕጉ።

ዞሬ አየሁዎ። እርስዎ የኮትዎን ቁልፍ እየነካኩ መሬት መሬቱን ያያሉ። ያኔ ነው ያወቅኩት።

"ምስክር፣ ይመልሱ እንጂ" አሉ ዳኛዋ።

"አንደኛው ገጽ ላይ ያለው የእኔ ነው። ሁለተኛው ላይ ያለው የእኔ አይደለም። ይህን ቃልም እኔ አልተቀበልኩም። ቃሉን ስቀበል የቀኝ ጣቱ በፋሻ ታስሮ ነበር።"

ሚልዮን ከተከሳሽ ሳጥን ውስጥ ተነሥቶ፣ "ኢንስፔክተሩ ወረቀቱ ላይ ሻይ ፈሶበታል፣ እንደገና አሻራህን አድርግ ብለውኝ ነው፤ አላነበቡልኝም!" ብሎ ጮኸ። ዳኛዋ እንዲቀመጥ አዘዙት።

አስተዳዳሪው የክርስትና ልጅዎ መሆኑን የሰማሁት ከዚያ በኋላ ነው። አንድ ቀን እንኳን ጣቢያ ተጠርቶ አልተጠየቀም። ልጄ ነው ብለው ሊያድኑት ፈልገው ይሆናል፤ ሰው ናቸው፣ ጨነቃቸው ብዬ ላስብልዎ ሞክሬያለሁ። እኔን ያቃጠለኝ ግን ሌላ ነው። ለምን በእኔ ስም? እኔስ ልጅዎ አልነበርኩም? ፊርማዬን ስድስት ዓመት አጠገብዎ ተቀምጬ ስፈርም ስላዩት ነው እንዲህ አስመስለው የጻፉት። ስንት ወረቀት ላይ ተለማመዱት? እኔ ለምሳ ስወጣ ነበር? ነገሩ ሲመረመር የምጠየቀው እኔ እንደምሆን አስበውት ነበር? ይህን እያሰብኩ ስንት ሳምንት እህል አልበላ አለኝ።

አሁን መዝገብ ቤት ነው የምሠራው። ሳጅን ቢቂላ ኮሪደር ላይ አግኝቶኝ፣ "አባትሽን ሸጥሽው አይደል?" አለኝ። ሌሎቹ እሱንም አይሉኝም፤ ስገባ ጨዋታቸውን ያቆማሉ።

ሚልዮን በነጻ በተሰናበተ ቀን ፍርድ ቤቱ ግቢ ውስጥ ጠበቅኩት። ያመሰግነኛል ብዬ ነበር፤ አልዋሽዎትም። ማዕዛ ከሩቅ ስታየኝ ፊቷን አዞረች። እሱ ግን መጣና፣ "እህቴ፣ እውነቱን በመናገርሽ እግዜር ይስጥሽ። ግን ሚስቴ ሦስት ጊዜ እግርሽ ሥር ወድቃ ነበር። ያን ጊዜ መዝገቡን ብታዪው ምን ነበረበት?" አለኝ።

እውነቱን ነው። ማዕዛ ሦስት ጊዜ ጣቢያ መጥታለች። "ክሱ ሲነበብ ሰማሁ፤ ባሌ ያላለው ነው የተጻፈበት፤ አንቺ ነሽ የተቀበልሽው፣ እባክሽ አንድ ጊዜ እዪው" እያለች ለምናኛለች። ሦስቱንም ጊዜ፣ "ኢንስፔክተር የያዙት መዝገብ ነው፤ ስህተት አይኖርበትም" ብዬ መለስኳት። መዝገቡ ከእኔ አሥር እርምጃ የማይርቅ ቁም ሣጥን ውስጥ ነበር። ለሚልዮን ራሴን ነቀነቅኩለት፤ እሱም ሚስቱን ይዞ ሄደ።

ጋሼ፣ እርስዎን አምኜ ነው ያልተነሣሁት። ሌላ ማንም ቢሆን ኖሮ ተነሥቼ አይ ነበር። ለዚህ እርስዎንም ራሴንም ይቅር ማለት አቅቶኛል።

አሁን የሐሰት ሰነድ በማዘጋጀት የተከሰሱት እርስዎ ነዎት። በዋስ ወጥተው ቤትዎ መሆንዎን ስሰማ ደስ ብሎኛል። ጥሩ ጠበቃ እንደያዙም ሰምቻለሁ። የሚገባዎ ነው።

እትዬ አሰፋሽን ግን ሁለተኛ እንዳይልኩብኝ። እሳቸውን እምቢ ማለት ከምችለው በላይ ነው፤ ይህንንም ያውቃሉ። ምስክርን እንዲህ ማባበል ምን እንደሚባልም ከእኔ ይበልጥ ያውቁታል። የዚህን ደብዳቤ ቅጂ ነገ ጠዋት ለዐቃቤ ሕግ እሰጣለሁ፤ ከጀርባዎ እንዳይሆን ብዬ ነው አስቀድሜ የምነግርዎ።

ማክሰኞ ሦስት ሰዓት ላይ እገኛለሁ። ያየሁትን እናገራለሁ፤ ያላየሁትን አልጨምርብዎትም። ጠበቃዎ ሲነሣ ደግሞ አይዘንልኝ። ማዕዛን ለምን እንደመለስኳት ይጠይቀኝ። ስንት ጊዜ እንደመጣች፣ ምን እንዳለችኝ፣ ምን እንዳልኳት አንድ በአንድ ይጠይቀኝ። ሁሉንም አስታውሳለሁ።

ሉሊ ካሕሳይ